ያዘ ወይስ አልያዘም

ንፋስ ስልክ፣ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ በነበረችው ጋራዣችን አንድ የማይሻር ደንብ ነበር፤ የሞተር ሳይክል ፍሬን ብቻህን አትፈትሽም። መካኒኩ ይነዳል፣ ሞተሩን ያመጣው ሰው ከኋላ ይፈናጠጣል፣ ከላፍቶ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ መውረድ ነው። አለቃችን «ሸክም ያላየ ፍሬን ሰው ይበላል» ይሉ ነበር። እኔ ደንቡን እወደው ነበር። ቢሮው ውስጥ ሲቆጣ የሚውል ሹም ወገቤን አንቆ ለሀና ማርያም ጧፍ ሲሳል ከመስማት የበለጠ ምን ደስታ አለ? ታች ስንደርስ የፍሬን ሸራው የሚታሸበትን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ በመዳፌ እነካዋለሁ። ከሞቀ ፍሬኑ ሠርቷል፤ ከቀዘቀዘ ወደ ጋራዥ ተመለስ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የአንድ መሥሪያ ቤት ሞተረኛ ነበር፤ ደብዳቤ ያደርሳል። ሞተሩን የምሠራለት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን የፍሬን ሸራውን በአዲስ ቀየርኩለት። ማስተካከያ ብሎኑን አጥብቄም፣ እንደ ልማዴ፣ ከብሎኑ እስከ ዘንጉ በነጭ ቀለም አሰመርኩበት፤ ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይቆረጣል። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ሞተር ሳይሆን ሙሽራ ነው የምትኩለው» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ አንድ ቀን እንደወጣ ቀረ። በዚያ በደርግ ዘመን ሰው ወጥቶ ሲቀር ጎረቤት እንኳ አይጠይቅም፤ ዝም አይነቅዝም። እናቴ ግን ደጅ ላይ ተቀምጣ በፉሪ በኩል የሚመጣውን የሞተር ድምፅ ሁሉ ታዳምጥ ነበር።

ሞተሩ ያለ ወንድሜ መጣ። ረፋድ ላይ፣ በጭነት መኪና ተጋድሞ። ያመጣው ካኪ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ጥፍሩ ንጹሕ የሆነ ሰውዬ ነበር።

«ሞተረኛው ላፍቶ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ገብቶ ሞቷል። ፈትሽልን፣ ጓድ መካኒክ» አለኝ።

የሚያናግረው የሟቹን ወንድም መሆኑን ያውቅ እንደሆን ከፊቱ ላይ ምንም አላነበብኩም። ጋራዡ ውስጥ መዶሻው ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። ዞር ብዬ ሳይ አንድም ሰው የለም፤ አለቃችንም እንኳ። ሬዲዮኑ ብቻ ሰሚ በሌለበት የአብዮት መዝሙር ይዘምራል።

ሞተሩ ላይ አጎነበስኩ። ገደል የገባ ሞተር ብዙ አይቻለሁ። የዚህኛው መሪ አልተጣመመም፣ የቤንዚን ታንከሩ አልተጫረም። የፊት መብራቱ ብቻ መሃል ለመሃል ተመቷል፤ ስብርባሪው ሳይረግፍ እዚያው ውስጡ ተቀምጧል። ነጩ መስመርም አልተቆረጠም። ሳልሸሽግ ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እኔ አልገደልኩትም! ወዲያው ግን «ታዲያ ማን?» የሚለው መጣ።

«እንግዲህ በደንባችሁ ነዋ» አለና ሰውየው ከኋላ ተፈናጠጠ። ደንባችንን ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። «መሥሪያ ቤቱ ሞተረኛዬ የት ገባ እያለ ነው» አለ። «ፍሬን ከሆነ አደጋ ነው። ሬሳ ይሰጣችኋል፣ ድንኳን ትጥላላችሁ፣ እናትህም ታለቅሳለች። ፍሬን ካልሆነ ግን ለቅሶ አይፈቀድም።»

ሁሉን ያውቅ ኖሯል። የጎረቤታችን ሴትዮ ትዝ አሉኝ። ልጃቸው ተገድሎ እንዳያለቅሱ ተከልክለው፣ እንባቸውን ለማውጣት ሲሉ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ይከትፉ ነበር። እናቴን ሽንኩርት ስትከትፍ አየኋት።

እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሳ ወረድኩ። ሸራው ሽሽሽ ይላል። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ አረም የሚያርሙ ገበሬዎች ቀና ብለው አዩንና ሁሉም ጀርባቸውን ሰጡን።

«አሁን!» አለ ሰውየው።

አጥብቄ ረገጥሁ። ሞተሩ ቀጥ አለ። የሰውየው ደረት ጀርባዬን መታኝ። ቁልቁለቱ መሃል ተተክለን ቆምን፤ ከጎማው ሥር አንዲት ጠጠር አልተንከባለለችም።

«ያዘ ወይስ አልያዘም?»

ሞተሩን አቁሜ ወረድኩ። ልማድ ሆኖብኝ መዳፌን ታምቡሩ ላይ ጫንኩ። ለበለበኝ፤ አላነሳሁትም።

«አልያዘም» አልኩ።

«ጎበዝ» አለኝ፤ ትከሻዬንም ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ሬሳው በታሸገ ሳጥን መጣ፤ እንዳይከፈት ተባለ። ሀና ማርያም ቀበርነው። እናቴ ደረቷን እየደቃች፣ ድምጿ እስኪዘጋ አለቀሰች። እኔም እሷን እያየሁ እሰይ አልኩ፤ ለዚህ ነበርና። ለቅሶ ደራሹ ግን እጄን ሲጨብጥ ዓይኑን ያሸሽብኝ ጀመር። «ፍሬኑን የሠራለት ራሱ ወንድሙ ነው አሉ» የሚል ሹክሹክታ ከድንኳኑ ጥግ ይሰማኝ ነበር።

በሠልስቱ እናቴ ጠራችኝ። ካኪ ለባሹ ሊያስተዛዝን መጥቶ ከሰው መሃል ንፍሮ ይዘግናል። እናቴ ቀኝ እጄን ሳብ አድርጋ መዳፌን ገለጠችው። ውሃ የቋጠረውን ቃጠሎ አየች፤ ከምን እንደመጣ ሳትጠይቅ ሳመችው።

«ይህ እጅ አስቦ አላደረገውም» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ።»

ሰውየው መዝገኑን ትቶ ምን እንደምመልስ አየኝ። ተንበርክኬ ጉልበቷን ሳምኩና «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ» አልኳት።