ዝናብ የሚዘጋው ስንጥቅ

ጋምቤላ ከተማ ምሳ ቤት ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ የሰነጠቀውን መንገድና ፍራሹን ተሸክሞ የሚሸሸውን ሰው ያሳያል። ከጎኔ ያለው ሰውዬ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ «እዚህ አምጥተው አያሰፍሯቸውም? መሬቱ እንደሆነ ባዶ ነው» አለ። ደሜ ፈላ።

ያደግሁት አቦቦ፣ ሰፈራ መንደር ነው። አያቴን ከወሎ ያመጣው መንግሥት ነው። አንድ በጋ የጓሯችን ጥቁር አፈር ተሰንጥቆ ጫጩት ዋጠ። አያቴ በወጣትነቱ ወሎ ውስጥ መሬት ሲንቀጠቀጥ አይቶ ስለነበር፣ «ውጡ! ቤቱ ሊናድ ነው!» ብሎ ጮኸ። አልጋና ድስታችንን ማንጎው ሥር አወጣን። አኙዋው ጎረቤታችን ኦሞድ የዓሣ መረቡን እንደያዘ መጥቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«አባባ፣ መሬት ውሃ ጠማው። ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል።»

አብሮት ይስቃል ብዬ ስጠብቅ የአያቴ ፊት ጠቆረ።

«ወሎ ቤቴ ሲናድ እዚያው መልሼ ሠርቼዋለሁ» አለ። «ከአገሬ የነቀለኝ መሬት አይደለም፣ ሰው ነው። መሬት እንኳ ሲቆጣ አስቀድሞ ያጉረመርማል። እነሱ ከገበያ አፍሰው ሲጭኑኝ እናቴን እንድሰናበት አልፈቀዱልኝም።»

ክረምት ገብቶ ስንጥቁ ሲገጥም በእግሩ ረግጦ ሞከረው። «ይሄስ ተዘጋ» አለ።

ምሳ ቤቱ ውስጥ «ባዶ ነው ያለህ ማነው?» ብዬ ሰውዬው ላይ ጮህኩ። አያቴንም ሲያመጡት ባዶ ነው ብለውት ነበር። ከመኪናው ሲወርድ ግን ኦሞድ በበቆሎ ማሳው መሃል ቆሞ ያየው ነበር።