መብራቱን የበላው ማን ነው?

ባሌ ከቢር ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምለውን ሰምታችሁ እንዳትቀየሙት ነው። እዚህ በስደት ባለንበት ከተማ፣ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ገበያ፣ ብርድ ልብስና ማሞቂያ በጅምላ ይሸጣል። ብርድ ሲገባ ከካትሌሆንግ እስከ ዛንድስፕሩት በከተማው ዳር ሁሉ ያሉ ባለሱቆች የእሱን ሂተር በታክሲ ጭነው ይሄዳሉ። ሜይፌር ሰፈር፣ ራሳችን በምንኖርበት ቤት ውስጥ ግን ዘንድሮ ብርዱ የሚከፋበትን ጁላይን የተወጣነው ሁለት ሁለት ካልሲ ደርበን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን ቤት ስንከራይ ባለቤቱ ለሦስት ዓመት የመብራቱን ዋጋ ቆርጦ ሰጠን። ብናበራም ባናበራም በየወሩ ያው ነው ተባለ። እናንተ ከቢርን አታውቁትም! "ያው ነው" የሚለውን ከሰማ በኋላ ሰውዬው ለየለት። በየክፍሉ ማሞቂያ ሰካ። ቴሌቪዥኑ ሰው በሌለበት ብቻውን ሲያወራ ይውላል። "ኧረ አጥፋው" ስለው፣ "ረሒማ፣ የከፈልንበትን እኮ ነው የምንጠቀመው" ይለኛል። ጀፕ ላይ ፍሪጅ ማስቀመጫ ያጣ ሁሉ ወደ እኛ ጋራዥ ያመጣል፤ ከቢርም "አምጣው፣ ምን ችግር አለው!" ብሎ ራሱ ይሰካለታል። ጥሩ ሰው ነው አላልኳችሁም?

ውሉ ሊያበቃ ሁለት ወር ሲቀረው ባለቤቱ በስልክ መልእክት ላከ። ከጁላይ ጀምሮ ቋሚው ዋጋ ይቀራል፣ ቀድሞ የሚከፈልበት ቆጣሪ ይገባል፣ እስከዚያው በቤቱ ያለውን የመብራት ዕቃ አንድ በአንድ እዩና የማያስፈልጋችሁን ንቀሉ ይላል። ደህና ምክር ነበር። ከቢር አነበበው፣ "ኢንሻአላህ" አለ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። በቃ፣ ዝግጅታችን ይኸው ነበር።

ቆጣሪው ገባ። ሱቅ ሄዳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ሃያ አሃዝ ያለበት ወረቀት ይሰጧችኋል፣ ቁጥሩን ቆጣሪው ላይ ስታስገቡ በዩኒት የሚቆጠር መብራት ይሞላል። ለወር ይበቃል ብለን የሞላነው በዘጠኝ ቀን አለቀ። ሻይ ጥጄ ሳለሁ ድርግም! ከዚያ ቀን ወዲህ ከቢር ሌላ ሰው ሆነ። የገላ ውሃ የሚያሞቀውን ጊዘር ማብሪያ ማጥፊያ ተቆጣጠረና "ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ ሰዓት ብቻ" ብሎ አዋጅ አወጣ። ልጃችን ዩስራ ፀጉሯ በሻምፖ እንደተሞላ ውሃው ቀዝቅዞባት "ዳዲ፣ ፕሊስ!" እያለች ስትጮህ፣ እሱ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን፣ ሰግዶ እንደተነሳ መጀመሪያ የሚጎበኘው ቆጣሪውን ሆነ። ወላሂ፣ ስንጋባ እኔን እንኳ እንደዚያ አፍጥጦ አላየኝም።

ያልነቀልነው ነገር አልነበረም። ዩኒቱ ግን ይሮጣል። ታዲያ ማን በላው? ቀልዱ ያበቃው እዚህ ላይ ነው።

ከጓሮ ባለችው ክፍል ከእኛ ተከራይተው ጋሽ ኃይለየሱስ ይኖራሉ። ስድሳ ያለፋቸው የጎንደር ሰው ናቸው፤ ጀፕ ላይ የልብስ ስፌት መኪና ይጠግናሉ። ከዚህ በፊት የነበርንበትን ቤት ጨምሮ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል። ሥጋችን ለየብቻ ነው፤ ዓሣ የተገዛ ቀን ግን አንድ ትሪ ላይ ነን። ማታ ማታ አዲስ አበባ ካለችው ልጃቸው ከፀገነት ጋር በስልክ ሲሳሳቁ እስከ ሳሎናችን ይሰማል።

ከቢር አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኚህ ሰውዬ ክፍላቸው ውስጥ አንድ ማሽን ደብቀዋል" አለኝ።

"ሻይ እንኳ እኛ ጋ መጥተው የሚጠጡት ሰውዬ?"

"አንቺ ሰው አታውቂም።"

በማግሥቱ ለእኔ ሳይነግር "መብራቱን እየጨረሱብን ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ክፍሉን ይልቀቁልን" ብሎ ጻፈላቸው። ግድግዳ ለሚጋራው ሰው፣ በስልክ! ስሰማ ደሜ ፈላ። "ዓይንህን በጨው ታጠብክ?" አልኩት። በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚህ ብርድ፣ የት ይሂዱ?  የጋሽ ኃይለየሱስ ሰላምታ እንደወትሮው ነው፤ ሻይ መምጣት ግን ተዉ።

ሽማግሌ የጠራሁት እኔ ነኝ። ዛንድስፕሩት ሱቅ ያላቸው ሐጂ ጁነይድና ጀፕ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ አለምወርቅ እሑድ ከሰዓት መጡ። ለመብራት ቆጣሪ ሽማግሌ ያስቀመጠ ቤት ከእኛ ሌላ ካለ ንገሩኝ። ከቢር እንደ ዓቃቤ ሕግ ብድግ ብሎ በየቀኑ የጠፋውን ዩኒት ከስልኩ ላይ አነበበ። እትዬ አለምወርቅ ወደ ጋሽ ኃይለየሱስ ዞረው፣ "እርስዎስ ምን ይላሉ?" አሏቸው።

"እኔ ምን እላለሁ፤ ቤቱን የተከራየው እሱ ነው" አሉና ይቅርታ ጠይቀው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ሐጂ ጁነይድ ሱቃቸው ውስጥ ሰባት ፍሪጅ የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። "እስቲ ወሬውን ተዉትና ማጥፊያዎቹ ያሉበትን ሳጥን አሳዩኝ" አሉ። ቆጣሪው ላይ አንዲት ቀይ መብራት ትርገበገባለች፤ ብዙ ሲበላ ትፈጥናለች። ሐጂ የጓሮዋን ክፍል ማጥፊያ ቀጭ አደረጉ። ቀይዋ መብራት ምንም አልመሰላትም። የወጥ ቤቱን አጠፉ፤ እንደዚያው። የጋራዡን ሲያጠፉት ቀጥ አለች። ከቢርን አየሁት፤ ከቢር ጣሪያውን ያያል።

መልሰው አበሩትና ተያይዘን ጋራዥ ገባን። የብርድ ልብሱ ጥቅል ጣሪያ ደርሷል። ከጥቅሉ ኋላ አንድ ነገር ያቃስታል። ሁለቱ ወንዶች እያነሱ እያነሱ ሲሄዱ አንድ ትልቅ ዲፕ ፍሪዘር ብቅ አለ። በብርድ ልብስ ታፍኖ፣ ማረፊያ አጥቶ፣ ጀርባው እንደ ካውያ ግሏል። የፍሪዘሩ ባለቤት ከሁለት ዓመት በፊት ጠቅልሎ አገር ቤት የገባ የከቢር ጓደኛ ነው። ራሱ ከቢር ሰክቶት፣ ራሱ ዕቃ ደርድሮበት፣ ራሱ ረስቶታል። ሐጂ ክዳኑን ከፈቱት። ውስጡ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ምንም! በረዶ ብቻ።

"ማሻአላህ፣" አሉ ሐጂ፣ "ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው። ፍሪጁን እንኳ እንዳይበርደው አልብሶታል።"

እትዬ አለምወርቅ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ አልዋሽም። ከቢር ግን እስከ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

አገር ቤት የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። ማንም ምንም ሳይለው ከቢር ዞር ዞር ብሎ አየና የጋራዡን በር የሚደግፈውን ጡብ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ሳቃችን ቆመ። ወደ ጓሮ ሲሄድ ተከተልነው።

ጋሽ ኃይለየሱስ በሩን ሲከፍቱ ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ብርዱ ከውጭው ይብሳል። ሻንጣቸው ታስሮ ቆሟል። አምፖሉን ፈትተው በጋዜጣ ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አኑረውታል። ስልካቸው ጠፍቶ አጠገቡ ተቀምጧል።

"ስልክዎ ምን ሆነ?" አልኳቸው።

"ጀፕ ላይ ነው ቻርጅ የማደርገው። አርጅቷል፣ እስከ ማታ አይቆይልኝም።"

"ታዲያ ፀገነትስ?"

"ሥራ በዝቶብኛል ብያታለሁ።"

እንባዬ መጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳቃቸው ከሳሎናችን መጥፋቱን ልብ አለማለቴ አሳፈረኝ።

ከቢር ከነጡቡ ጎንበስ አለ። "ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። በድዬዎታለሁ። ስለ አላህ ብለው ይቅር ይበሉኝ።" 

"አውርደው፣ አውርደው። ወገብህን ታመህ ደግሞ እኔው ላስታምምህ ነው?" አሉ። ቀጥለውም፣ "ይቅር ብያለሁ። የከፋኝ ስለ መብራቱ አይደለም፤ ሰው ይጠራጠራል። ዘጠኝ ዓመት አብረን በልተናል፣ ከቢር። በሬን አንኳኩተህ 'ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ወይ?' ብትለኝ ምን ነበረበት?" አሉት።

 ከቢር ጡቡን አስቀመጠ። አምፖሉን ከጋዜጣው ውስጥ አወጣና ወንበር ላይ ወጣ። የአምፖሉን መግቢያ ሁለት ጊዜ ሳተው። ጋሽ ኃይለየሱስ ጠጋ አሉና እንዳይወድቅ ወንበሩን ያዙለት።