አባባ ለዐቃቤ ሕጉ ያሳዩት ወረቀት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በደሴ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላለማለፍ መንገድ እቀይራለሁ።

ሰኞ ገበያ ሰፈር አንድ የእህል ነጋዴ ሲመሽ መጋዘኑ በር ላይ ተደብድቦ አንድ ዓይኑ ጠፋ። የተከሰሰው ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ነው። ሰይድ ያን ዕለት ጠዋት ጤፍ ሊሸጥለት ሄዶ በሚዛን ተጣልተው "አሳይሃለሁ" ብሎታል፤ አልመታውም። መዛቱን ያመነው ለጠበቃው ብቻ ነበር። ጠበቃው የሰማውን በእጁ ጽፎ፣ ሥራዬ ጽሕፈት ስለሆነ እንድተይብለት ሰጠኝ።

አባታችን ደሴ ዙሪያ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። በእርቅ ላይ ሁለቱም ወገን የያዘውን ሳይደብቅ ያወጣል፤ ቀድሞ ያወጣ ይከበራል። አባባ ዐቃቤ ሕጉን እንደ ሌላኛው ወገን ሽማግሌ ቆጠሩት። ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ አንስተው ቢሮው ድረስ ሄዱ።

"ልጄ፣ የኛ ይኸው። አንተም ያለህን አውጣና እንነጋገር" አሉት።

እሱም አነበበና "እናመሰግናለን አባት" ብሎ ወረቀቱን መለሰላቸው። የራሱን ግን አላወጣም። አባባ ደስ ብሏቸው መጥተው "ጨዋ ልጅ ነው" ሲሉኝ ጭንቅላቴን ያዝኩ።

ለጠበቃው ነገርኩት። "የደንበኛዬ ምስጢር ነው፤ ማንም ሊያየው አይገባም ነበር" አለና ተቀመጠ። የወረቀቱን መታየት ችሎት ላይ እንዳያነሳ ደግሞ ጠቡንና ዛቻውን ራሳችን ማመናችን ሆነበት። በቀጠሮው ዐቃቤ ሕጉ ከወረቀቱ ተነስቶ ዛቻውን የሰማ ተጨማሪ ምስክር ፈልጎ ይዞ ቀረበ። ሰይድ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

ከፍርዱ በኋላ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ አጠገቤ የተቀመጡት ሰው የመጋዘኑ ዘበኛ ሆነው ተገኙ። የሰይድ እህት መሆኔን ስነግራቸው ደነገጡ።

"ወላሂ ልጄ፣ መቺውን አይቼዋለሁ፤ ወንድምሽ አይደለም። ያኔውኑ ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ካስፈለግሁ ይጠሩኛል ብዬ ስጠብቅ ማንም አልጠራኝ።"

የእኚህ ሰው ቃል ከመጀመሪያው አንስቶ በዐቃቤ ሕጉ እጅ ነበር። ሊያሳውቀን ይገባው እንደነበር የሰማሁት ከጠበቃው ነው። ለአባባ ነገርኳቸው። "የኛን ሲያነብ ይህንን ይዞ ነበር?" ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲህ ለእርቅ ሲጠሯቸው አይሄዱም።

ይግባኝ ብለናል። ተስፋ አለኝ ብል ውሸት ነው። ሰይድ ምስጢሩን ያወጣው ጠበቃው ነው ብሎ አምኗል፤ ሊያናግረውም አይፈልግም። ባለፈው እሑድ ልንጠይቀው ስንሄድ "ሸጠኝ እኮ" አለን። አባባ አጠገቤ ቆመዋል። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እኔም ወረቀቱን ያሳዩት እሳቸው ናቸው አላልኩም።

አባባ ያመጣነውን ምግብ አቀበሉትና "ብላ ልጄ" አሉት።