ጋኔኑ የተጠመቀ ቀን

ተረት ሲያበላሹብኝ አልወድም። ልጆቼ "ተረት እኮ ነው እማ" ይሉኛል፤ ተረት መሆኑንማ አጥቼው ነው? ጆሮውን ላዋሰ ሰው ግን የሚገባው መጨረሻ አለ። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ አንድ ተረት ይዤ ከርሜ፥ መጨረሻው ላይ የተደረገብኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ጊዜው ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ፥ እንደ አገሩ ደንብ፥ ከባሌ ቤት ከአዲ አርቃይ ወደ እናቴ ቤት ጎንደር መጣሁ። ሐምሌ ሲገባ ሴት ልጅ ወለድሁ። ሴት የወለደች አራስ እስከ ክርስትናው ሰማንያ ቀን ከቤት አትወጣም። ብቻዋንም አትተውም፤ ጋኔን ብረት ይፈራል ተብሎ ትራሷ ሥር ቢላ ይደረግላታል። ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቼ፥ ውጭ ዝናቡ ሲወርድ እየሰማሁ፥ ገንፎ ስውጥ ከረምሁ። ሴቶቹ "አይዞሽ፥ ያልፋል፥ ትወጫለሽ" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን እንዳያልፍ ነበር የምጸልየው። ሰማንያው ቀን ሲያልቅ ወደ ባሌ ቤት መመለስ አለብኝና።

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችግሩም ይኸው ነው። አይሰክርም፥ አይማታም፥ አይሳደብም። አዲ አርቃይ መንገድ ዳር ጨውና ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው፤ ቤቱም የቆርቆሮ ክዳን ነው። ጠዋት ወደ ሱቁ ሲሄድ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ቁልፍ ይቆልፍብኛል። ጣልያን ጥሎት የሄደ፥ ጡጫ የሚያህል ቁልፍ ነው። "ማኪና የሚያልፍበት አገር ነው፤ የማይታወቅ ሰው ይበዛል። ለአንቺው ብዬ ነው" ይለኛል። ለምሳ መጥቶ ይከፍታል፤ በልቶ ሲወጣ ደግሞ ይቆልፋል። ውሃው፥ እንጨቱ፥ እህሉ ሁሉ እቤት ድረስ ይመጣልኛል። ምን ብዬ ልክሰሰው? ቢመታኝ ጠባሳ አሳይ ነበር።

ለእናቴ ገና ከማኪና እንደ ወረድሁ ነገርኋት። "ቤቱን የማይቆልፍ ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው? ንብረት ጠባቂ ነው እንጂ!" አለችኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ተሯሩጣ ያገኘችው አማች ነው፤ በቆርቆሮው ቤት ለጎረቤት ሁሉ ኮርታበታለች። ሁለተኛ አላነሣሁባትም።

ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ጥጣቸውንና እንዝርታቸውን ይዘው ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር። ከእነዚህ አንዷ ለሸማኔ ድር እየፈተለች የምትኖር፥ አርባ ዓመት ያለፋት ጎረቤታችን ናት። ፈታይዋ ልበላት። የእሷ እጅ ሲፈትል አፏም አብሮ ይፈትላል። ሌላዋ የሰፈራችን መነኩሲት ናቸው፥ እማሆይ። "የጋኔን ወሬ ኃጢአት ነው" ይላሉ፤ ግን ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከፈታይዋ ፊት ለፊት የሚቀመጡ እሳቸው ነበሩ።

ተረቱ እንዲህ ነው። አንዲት ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ በቀትር ቀሃ ወንዝ ትደርሳለች። ሚዜዎቹ በቅሎ ሲያጠጡ የወንዙ ጋኔን ያያትና ይዟት ውሃው ውስጥ ይገባል። ከውሃው ሥር ቤት አለው፤ ማሩ፥ ሥጋው፥ ምንጣፉ ሞልቷል። በሩ መዝጊያ እንኳ የለውም። ነገር ግን በበሩ በወጣች ቁጥር ተመልሳ እዚያው ቤት ውስጥ ትገባለች። በጓሮ ብትወጣ እዚያው፥ በጣሪያ ብትወጣ እዚያው። ቀሚሷ ላይ ተሰክቶ የቀረ አንድ መርፌ አላት፤ እሱን ስታሳየው ጋኔኑ አይጠጋትም። ውጭ ደግሞ አገሩ ሁሉ ሞታለች ብሎ ተዝካሯን ሲያወጣ፥ ወንድሟ ብቻ አላምንም ብሎ ወንዙ ዳር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ከውሃው ሥር የሚደርስ ገመድ።

ፈታይዋ ይህን በአንድ ቀን አልጨረሰችውም። ሙሽራዪቱ መርፌዋን ጨብጣ አዲስ ያየችውን በር ልትገፋ ስትል፥ ፈታይዋ እንዝርቷን ጠቅልላ "በሉ መሸ፤ ላሜ መጣች" ብላ ትነሣለች። እናብዳለን። እማሆይ ሳይቀሩ "ኧረ ይህችን ብቻ! በሩ ወዴት ወሰዳት?" እያሉ ቀሚሷን ይይዟት ነበር። ሴቶቹ በቀትር ቀሃ መውረድ ተዉ። አንዷማ ወንድሟን "ምነው አንተ፥ እኔን ጋኔን ቢወስደኝ ገመድ ትገምድልኛለህ?" እያለች ስትነዘንዘው፥ ልጁ ከቤት ጠፍቶ ሰነበተ አሉ።

እኔ አልስቅም ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የገመዱን ርዝመት አስባለሁ። ዛሬ የት ደርሶ ይሆን? ነገስ? ሙሽራዪቱ መውጫ ካገኘች እኔም አገኛለሁ የሚል ነገር በልቤ ገብቶ ነበር። ሞኝነት ነው፤ ግን ያን ጊዜ ከእሷ በቀር ችግሬን የሚያውቅ አልነበረኝም።

ፍልሰታ ሲገባ እማሆይ "በእመቤታችን ጾም ጋኔን አይነሣም" ብለው ገዘቱና ሱባኤ ገቡ። ተረቱ፥ ወንድሟ ገመዱን ጨርሶ፥ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሥሮ፥ ወንዙ ዳር እንደ ቆመ ተቋረጠ። እንደዚያ የረዘመ ጾም በዕድሜዬ አላየሁም። ፈታይዋ በእነዚያ ቀናት ስትመጣ ከእናቴ ጋር ጓዳ ገብተው ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። የክርስትናውን ድግስ የሚመካከሩ መስሎኝ ነበር።

ጾሙ ተፈታ፤ ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ሞላ። ፈታይዋ ጀመረች፤ ግን ሌላ ሰው ሆና ነበር። ወንድምየውን አታነሣውም። ጋኔኑ ታመመ አለች። ሙሽራዪቱ አስታመመችው አለች። ቀን በቀን ስለ ጋኔኑ ትኩሳት፥ ስለ ጋኔኑ እንባ ሆነ ወሬው። "ገመዱስ?" ስንላት "ይመጣል፥ ይመጣል" ትላለች። ጳጉሜ አለፈ፥ አዲስ ዓመት ገባ፥ ገመዱ አልመጣም። ሴቶቹ ማዛጋት ጀመሩ፤ መቅረት ግን አልቻሉም። ያን ያህል ከርመው እንዴት ይቅሩ?

ክርስትናው ሲቃረብ ጨረሰችው። ጋኔኑ ስለ ሙሽራዪቱ ፍቅር ሲል ሄዶ ተጠመቀ። ሸጋ ሰው ሆነ። እሷም መርፌዋን ውሃው ውስጥ ጣለችና "ለካ ቤቴ ይህ ኖሯል" ብላ ተቀመጠች። ፈታይዋ ይህን ብላ፥ እንደ ተረት ደንብ፥ አፏን በዳቦ እንድናብስላት ጠየቀች።

ዳቦው እማሆይ አጠገብ ነበር፤ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

"ምን አልሽ?" አሉ። "ጋኔን ተጠመቀ?"

"አዎ እማሆይ፥ ተጠመቀ።"

"ማን አጠመቀው? የትኛው ቄስ ነው እጁን ያነሣ? የክርስትና ስሙን ማን አሉት? የክርስትና አባትስ ማን ቆመለት?"

"ኧረ ተረት ነው እማሆይ..."

"በተረትም ቢሆን ጋኔን አይጠመቅም! ዳቦ የለም።"

ከዚያ ሁሉም ተነሣባት። "ወንድሟስ? ያን ሁሉ ገመድ ምን አደረገው፥ በሬ አሠረበት?" አለች አንዷ። "እኔ ስለ እሱ ብዬ ነበር እኮ የምመጣው!" አለች ሌላዋ። "መርፌውንስ ምነው መጣሏ? መርፌ እንዲህ በጠፋበት አገር!" ፈታይዋ ፊቷ ቀላ፤ እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። "እኔ ምን ላድርግ? የተለመንሁትን ነው የተረትሁ!" አለችና ወደ እናቴ አየች።

እናቴ ምድጃው ዳር ገንፎዬን ታማስል ነበር። ሁሉም ሲያያት ማማሰሉን አላቆመችም። "ታዲያ ምን ታድርግ?" አለች። "ብትወጣስ የት ልትደርስ ነው? ማሩ አለ፥ ቤቱ አለ። ወደ እናቷ ቤት ተመልሳ የሰው መሳቂያ ትሁን? የአራስ ልብ እንዲረጋ ብዬ ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። የተጠመቀው ጋኔን ባሌ ነው። እናቴ በዚያ ቁልፍ ላይ ሌላ ቁልፍ ልትጨምርብኝ፥ የነበረችኝን አንዲት ተረት ወሰደችብኝ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። መጋረጃውን ገፍቼ ወጣሁ።

"ይቆልፍብኛል!" ብዬ ጮህሁ።

"ማን? ጋኔኑ?" አሉ እማሆይ።

"ባሌ! ጠዋት ይቆልፍብኛል፥ ለምሳ ይከፍትልኛል፥ ደግሞ ይቆልፍብኛል። ከተጋባን ወዲህ ደጅ ያየሁት ልወልድ ስመጣ ነው!"

ልጄ ከእንቅልፏ ነቅታ አለቀሰች። እማሆይ ወደ እናቴ ዞሩ። "ይህን ታውቂ ነበር?"

"ነግራኛለች። ልጅ ናት፥ ታካብዳለች። ቤት መቆለፍ ደግሞ..."

"አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?"

"እኔ የት አይቼ እማሆይ!"

"እንግዲያው ብቻዋን አትወርድም። አብረሻት ውረጂና እይ።"

"እኔ? ያን የሊማሊሞን ገደል በማኪና?"

"ገደሉንማ ልጅሽ ወርዳዋለች" አሉና ዳቦውን ነጠላቸው ሥር ይዘው ሄዱ።

ክርስትናው ሆነ። ባሌ በግ ይዞ መጣ፤ እናቴን ጉልበቷን ስሞ፥ ሽማግሌ አክብሮ፥ ልጁን አቅፎ ዋለ። እንደ እሱ ያለ ጨዋ በግብዣው ላይ አልነበረም። ሴቶቹ እሱን እያዩ እኔን ያያሉ፤ ምናልባት አካብጄ ይሆን ብዬ ራሴን ተጠራጠርሁ። ከመስቀል በኋላ እህል በጫነ ማኪና ወረድን። ሊማሊሞ ላይ እናቴ ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ጥላ የምታውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራች። አዲ አርቃይ ስንደርስ ግን ቆርቆሮውን ቀና ብላ አየችና "ሸጋ ቤት ነው" አለችኝ።

በማግስቱ ባሌ ቁርሱን በላ። ለእናቴ ዝቅ ብሎ "እንደ ቤትዎ ይሁኑ" አላትና ወጣ። በሩ ተዘጋ፤ ከዚያ ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ።

እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ትባዝት ነበር። እጇ ቆመ። "ረስቶ ነው" አለች። "እኔ መኖሬን ረስቶ ነው።"

ተነሣችና በሩን ገፋችው። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ሳንቃው ተቸንክሯል። የጓሮ በር ፈለገች፤ ቤቱ የጓሮ በር የለውም። ተመልሳ በሩን ገፋችው፥ አሁን በትከሻዋ። "አያ!" ብላ ተጣራች ውጭ ለሚያልፍ ሰው፤ የሰማት የለም፥ ወይም ሰምቶ አለፈ። እናቴ ስትፈራ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አባቴ ሲሞት እንኳ አልፈራችም። መጥታ ከጎኔ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቆርቆሮው በፀሐይ እየጋለ መንጣጣት ጀመረ።

"ያ ልጅ" አለችኝ በመጨረሻ፥ "ወንድሟ። ገመዱን የት አድርሶት ነበር?"

"ጨርሶት ነበር" አልኋት። "ድንጋይ አሥሮበት ቆሞ ነበር።"

"እንግዲያው ልብስሽን ሰብስቢ።"

ባሌ ለምሳ መጥቶ ሲከፍት ጓዛችንን ቋጥረን፥ ልጄን አዝዬ፥ በሩ ሥር ቆመን አገኘን። እናቴ አማችዋን ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምትለው፤ ያን ቀንም አልተወችም። በጎኑ አልፋ ወጣች፥ እኔን በእጄ ስባ አወጣችኝ፥ ከዚያ ዞር ብላ "አሁን ይቆልፉት" አለችው። እሱ "ምነው እማማ፥ ምን አጠፋሁ?" አለ። ከልቡ ነበር፤ እውነትም አልገባውም። ወደ ጎንደር የሚወጣ ማኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ እኔ ፀሐዩን አልጠገብሁትም።

ጎንደር ስንመለስ ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው መጡ። ፈታይዋም መጣች፥ አንገቷን ደፍታ። ልትናገር ስትል እናቴ ከለከለቻት። "ያስበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ልጨርሰው" አለች። ተረት መተረት አትችልም ነበር። ትሳሳታለች፥ ትመለሳለች፥ ወንድሙን አንዳንዴ እናት ታደርገዋለች። ገመዱ ወረደ አለች፤ ሙሽራዪቱ ያዘችው አለች፤ ወጣች አለች። ከዚህ በላይ ልታሳምረው አልቻለችም።

"ጋኔኑስ?" አሉ እማሆይ።

"ውሃው ሥር ቀረ።"

"አልተጠመቀም?"

"አልተጠመቀም፥ እማሆይ።"

እማሆይ ዳቦውን ቆረሱ። ትልቁን ቁራሽ ለእናቴ ሰጧት።