ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ጎሚስታ

ጎሚስታው ልቡን ከታመመ ሦስት ወሩ ነው። ልቡስ ደህና ሆነለት፤ ሰውየው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሾርባው ይቀፈዋል፣ ትራሱ ይቀፈዋል፣ "አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ!" እያሉ የሚገቡት ጠያቂዎችማ አይወራ። ከሁሉም የሚብሰው የገዛ ገላው ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎማ ሲለጥፍ የኖረ፣ ምላሱ ምላጭ የሆነ ሰው ነበር። "ቶሎ በል፣ ቸኩያለሁ" የሚል ሾፌር ሲመጣበት፣ የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ ነፍቶ ውሃ ውስጥ እየነከረ፣ "ቀዳዳውን ሳላይ አልለጥፍም! ከቸኮልክ በእግርህ ሂድ!" ይል ነበር። አረፋው ካልታየው ንቅንቅ የለም።

ጎትታ ሐኪም ቤት የወሰደችው ልጁ ናት። ታላቅ እህቱ እትዬም ማንም ሳይጠራት ተከትላ ገባች።

"ልቡን የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ ድብርት ይይዘዋል" አለች ዶክተሯ። "በዘር ካለ ደግሞ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ጋሼ፣ ከቤተሰብዎ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?"

እሱ አፉን ሳይከፍት እትዬ ቀደመች። "ኧረ ወዲያ! በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም! አባታችንም ልቡን ታሞ በሰላም ነው ያረፈው።"

በሰላም! ጎሚስታው ያየው ሌላ ነው። አባቱ ልቡን ከታመመ በኋላ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ፣ ምግብ እየገፋ፣ አልቆ ነው የሞተው። ቤተሰቡ ግን "ደክሞት ነው" ሲል ኖረ። እሱ ራሱም እንደዚያው ሲል ኖረ፤ ይበልጥ ያስጠላውም ይኼው ነው።

"ቱ! ውሸት ነው" አለ። "አባቴም እንደኔው ነበር፣ ዶክተር።"

"ዝም በል አንተ! ልጅህ ትሰማለች!"

"ትስማ! የሱ ደም እሷም ውስጥ የለም እንዴ?"

ዶክተሯ ወደ ልጅቷ ዞረች። "በዘር አለ ማለት የግድ ይይዝሻል ማለት አይደለም። ማወቁ ግን ይጠቅማል፤ በጊዜ ይታከማል። ለአባትሽም መድኃኒት አለው።"

ይኼን ስትሰማ እትዬ መሀረቧን ወደ አፏ ወሰደች። "ለአባባም ታዞለት ነበር" አለች። "እማዬና እኔ... ሰው አይቶ እብድ ነው እንዳይለው ብለን ሽንት ቤት ደፋነው።"

ጎሚስታው እህቱን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ አጠገቡ መቀመጧ ራሱ ቀፈፈው። ወደ ዶክተሯ ዞረ።

"ይጻፉልኝ" አለ። "የምትይዝልኝ ግን ልጄ ናት። እትዬ እንዳትነካው።"