የወይዘሮ ሥራነሽ እግርና ሁለቱ መኪኖች

አቶ ይታያል በወጣትነታቸው ቅኔ ቆጥረው፣ ኋላም ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በ2002 ዓ.ም. ልጆቻቸው ተመካከሩና ለወላጆቻቸው መኪና እንዲገዛ ወሰኑ። ምክንያቱ የባለቤታቸው የወይዘሮ ሥራነሽ ጉልበት ነበር። አውቶቡስ ላይ እግርን አጥፎ መቀመጥ ካቃታቸው ወዲህ ሦስት ጥር አልፏል፤ ሦስቱንም የአስተርእዮ በዓል መርጡለ ማርያምን ሳይሳለሙ ቀርተዋል። ዘንድሮም ከቀሩ ተስፋ እንደሚቆርጡ አቶ ይታያል ያውቁ ነበር።

ለሽያጭ የቀረቡት መኪኖች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ነጭ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ሁለቱም ባለ ሰባት ወንበር። አቶ ይታያል ደብተራቸውን ለሁለት ከፍለው ጎማውን፣ የነዳጅ ፍጆታውን፣ የመለዋወጫውን ነገር፣ እግር የሚዘረጋበትን ስፋት ሳይቀር በስንዝር እየለኩ ጻፉ።

ድረስ የሚባለው ደላላ የጥንት ተማሪያቸው ነው።

«ጋሼ፣ ነጩ እኮ ዳገት አያውቅም!» አላቸው።

«ዳገት አይሰማውም ማለትህ ነው ወይስ ዳገት ወጥቶ አያውቅም?»

«ጋሼ ደግሞ! መኪና ልሽጥልዎ ወይስ ቅኔ ልዝረፍልዎ?»

«ፈተናህን ያረምሁ እኔ ነኝ፤ ቅኔው ይቅርብህ። ቁልፉን አምጣ።»

ታናሹ ልጃቸው እንዳላማው ሁለቱንም በተራ ወደ ይጁቤ መንገድ ነዳቸው። ነጩ ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣው፤ አረንጓዴው እያቃሰተ ደረሰ። ደብተሩ ለነጩ ፈረደ።

በማግስቱ ሁለቱም መኪኖች ከግቢው በር ቆሙ። ወይዘሮ ሥራነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። አቶ ይታያል የነጩን በር በኩራት ከፈቱላቸው። ወይዘሮ ሥራነሽ ለመግባት እግራቸውን አነሡ፤ ከመኪናው ወለል አልደረሰም። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም አልደረሰም።

«እትዬ፣ ደግፌ ላውጣዎት?» አለ ድረስ።

«ተወኝ ልጄ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በሰው ፊት፣ እንደ ጆንያ የሚያወርደኝም አንተ ነህ?» ወደ ባላቸው ዞሩ። «ዳገት አያውቅም ያላችሁኝ ይህ ነው? ዳገቱ እኮ በሩ ላይ ነው።»

አቶ ይታያል አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ሁሉ ስንዝር መካከል የሚስታቸው እግር ከመሬት ስንት እንደሚነሣ አልለኩም ነበር።

አረንጓዴው ዝቅ ያለ ነው፤ ከበሩ ሥርም የብረት መርገጫ አለው። ወይዘሮ ሥራነሽ መያዣውን ጨበጡ፣ መርገጫውን ረገጡ፣ ተቀመጡ። ነጠላቸውንም አስተካከሉ።

«ይኼኛው ግን ዳገት ላይ ያቃስታል» አሉ አቶ ይታያል በቀስታ።

«ያቃስት። እኔስ አላቃስትም? እያቃሰትን አብረን እንወጣዋለን።»

ድረስ ከት ብሎ ሳቀ፤ ነጩን መኪና ይዞ የሚመለስ መሆኑንም ዘነጋው።

በበዓሉ ዋዜማ፣ በጥር ሃያ ማለዳ ተነሥተው ጉንደ ወይንን አልፈው መርጡለ ማርያም ገቡ። እንዳላማው ሞተሩን አጠፋ። አቶ ይታያል ባለቤታቸውን ሊደግፉ ዞረው ሲደርሱ ወይዘሮ ሥራነሽ በሩን ከፍተው፣ መርገጫውን ረግጠው ወርደዋል፤ ወደ ደጀ ሰላሙም ፊታቸውን አዙረው እየተሳለሙ ነው። የአቶ ይታያል የተዘረጋ እጅ ባዶውን ቀረ። አቶ ይታያልም ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ መረቁ፤ ስለዚያች ባዶ እጅም ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ።