ከዲላ ይርጋጨፌ፦ የኤደኑ ሹፌር የተፈተነበት መንገድ

ጠዋት፣ ዲላ

ከዲላ የተነሳነው ጤዛው ሳይረግፍ ነው። ጨው የጫነ ካሚዮን ይዘን ይርጋጨፌ ደርሰን ልንመለስ ነው። ጨው ማድረሱ ግን ሰበብ ነበር፤ ጎረቤታችን ጋሽ ሰዒድ ሊፈተን ነው።

ጋሽ ሰዒድ የመናዊ ነው። ኤደን ወደብ ላይ በእንግሊዞች ዘመን ለዓመታት ካሚዮን ነድቷል። ዲላ መጥቶ መንጃ ፈቃዱን ሲያሳይ፣ ካፖ የምንለው የጋራዡ ጣሊያናዊ አለቃ፣ "ይኼ እዚያው ኤደን ይሠራል" ብሎ ረዳት አደረገው። ቁልቁለት ላይ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲወትፍ ከረመ። ዛሬ ካለፈ ይነዳል፤ ኤደን የቀሩትን ሚስቱንና ልጆቹንም ያስመጣል። ከወደቀ ሌላ ዕድል የለም።

እኔ የሄድኩት ለአስተርጓሚነት ነው። ከአባቴ ሱቅ ደንበኞች ጌዴኦኛም ጣሊያንኛም ለቃቅሜያለሁ። ደግሞም ባንኮኒ ሥር ተደብቄ ግጥም ከምሞነጫጭር መንገድ ባይ ይሻለኛል።

ካፖው በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሃል ተቀመጥን።

"ኤደን ግራ ነበር የምንይዘው። ግራ ከያዝኩ ቆንጥጠኝ" አለኝ ጋሽ ሰዒድ በአማርኛ።

ወናጎ ሳንደርስ አንዴ ቆነጠጥኩት።

ረፋድ፣ ከወናጎ ወዲያ

እንሰቱና ቡናው ግራና ቀኝ መንገዱን አጥሮታል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አንድ ዳገት ሥር የኋላ ጎማችን ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ጋሽ ሰዒድ አልደነገጠም፤ ክላክሱን ተጭኖ አልለቅ አለ። ኤደን ወደብ ላይ ወዛደር የሚጠራው እንደዚያ ነው።

እዚህ ግን ቡና ሲለቅሙ የነበሩት ሴቶች ቅርጫታቸውን ጥለው እንሰቱ ውስጥ ገቡ። አንድም ሰው አልቀረም። ካፖው ሰዓቱን አየ።

"ምን አደረግሁ?" አለኝ ጋሽ ሰዒድ።

"ለመንገድ ሥራ ሰው በግድ ሊያፍሱ የሚመጡት እንደዚህ እየነፉ ነው።"

ፊቱ ተለወጠ። ሞተሩን አጠፋና ጭቃው ውስጥ ወረደ። የሚለውን በጌዴኦኛ እየጮህኩ አስተላለፍኩለት፦ ማንንም ሊወስድ አልመጣም፤ እሱም ስደተኛ ነው፤ እየተፈተነ ነው።

ከእንሰቱ ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

"ሹፌር ነኝ ነው የሚለው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ሹፌር ከሆነ ጭቃው ውስጥ ምን አገባው?"

እንሰቱ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ስተረጉምለት ጋሽ ሰዒድም ሳቀ። ሽማግሌው ብቅ አሉና ወደ ካፖው በከዘራቸው አመለከቱ።

"ያም ይውረድ። ይከብዳል።"

ለካፖው፣ "እርስዎ ከወረዱ መኪናው ይቀላል" ብዬ አለሳልሼ ነገርኩት። እያጉረመረመ ወረደ፤ ቡትሱ እስከ አፉ ሰጠመ።

ሰዎቹም ከእንሰቱ ወጥተው የተገረዘ የቡና ቅርንጫፍ ጎማው ሥር ነሰነሱና ከኋላ መግፋት ጀመሩ። ጋሽ ሰዒድ በከባዱ ማርሽ ቀስ አድርጎ ሳበው። ጎማው አንዴም በባዶ አልዞረም፤ የሚገፉትን ሰዎች ጭቃ አልረጨም። ዳገቱ አናት ላይ አቁሞ ወደ ታች ተመለሰና ሁሉንም በሁለት እጁ ጨበጠ።

ሽማግሌው፣ "ከእንግዲህ አንዴ ብቻ ንፋ፤ አንተ መሆንህን እናውቃለን" አሉት። አንዲት ሴት በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ለመንገድ ሰጠችን። ካፖው ከሁላችን የበለጠ በላ።

አመሻሽ፣ ዲላ

ይርጋጨፌ ጨዉን አራግፈን በዚያው መንገድ ተመለስን። ጋሽ ሰዒድ ከየኩርባው በፊት ክላክሱን አንዴ ብቻ ይነካል። ዳገቱ ጋ ሰዎቹ አልሸሹም፤ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቆመው እጃቸውን አነሱ። ካፖው አንገቱን አውጥቶ ሲያያቸው ቆየ።

ጋራዥ ስንደርስ፣ "የኤደኑን አሁንም አልቆጥርልህም" አለ።

እንዳለው ተረጎምኩለት። ጋሽ ሰዒድ አንገቱን ደፋ።

"የዛሬውን ግን ቆጥሬዋለሁ። ፈቃዱን ነገ ትወስዳለህ፤ ከዚያ ወደ ቡሌ ጫን። ረዳት እሰጥሃለሁ።"

የአንድ ሰው ሙያ አገር ቢለውጥም ከእጁ እንደማይወጣ በዚህ ጉዞ አየሁ። አዲሱን አገር ግን ከመሪው ወርዶ መጠየቅ አለበት።

ቤት ስንገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ጋሽ ሰዒድ ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ ጠየቃት።

"እሜቴ፣ ለቤተሰብ የሚበቃ ቤት የሚያከራይ ሰው ያውቃሉ?"